«ሁለት ዓመት የት ነበርሽ?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። ስሜን ባልጽፍ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬ 29 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። እንደተመረቅኩ አንድ አስመጪ ድርጅት ገብቼ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለቅ ሲኒየር አካውንታንት ነበርኩ።

2015 ሰኔ ላይ ሂሳብ የምንዘጋበት ሰዓት ነበር። ከክፍላችን ሁለት ሰዎች ተከታትለው ለቀቁና ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። እስከ ሌሊት ቢሮ አመሽ ነበር። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ድካም መስሎኝ ነበር። እየቆየ ምግብም አልወርድ አለኝ፣ ስልክ ሲጠራ ልቤ ይመታል፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ የቢሮው ሕንፃ ሲታየኝ እንባዬ ዝም ብሎ ይፈስሳል። ነሐሴ ላይ መልቀቂያ አስገባሁ። ለማንም ምንም አላስረዳሁም።

ቤተሰቦቼ መጀመሪያ እንጦጦ ጸበል ወሰዱኝ። በኋላ አንዲት ዘመዳችን ሐኪም ቤት ትሂድ ብላ ገፋፋችና የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ድባቴና ጭንቀት ነው አሉኝ። መድኃኒት ጀመርኩ። ከአንድ ዓመት በላይ ከቤት ወጣሁ ማለት አልችልም። አሁን ግን ተመስገን ደህና ነኝ። እተኛለሁ፣ እበላለሁ፣ ሰው ማግኘት አልፈራም። መድኃኒቱን እወስዳለሁ፣ በወር አንዴ ማክሰኞ ጠዋት ክትትል አለኝ። ከ2017 መስከረም ጀምሮ ደግሞ ባልትና ያላትን አክስቴን ሂሳብ እይዝላታለሁ፤ እሱ እንኳን ሥራ የሚባል አይደለም።

ባለፈው ወር ኢንተርቪው ተጠርቼ ነበር። ፈተናውን በደንብ ነው የሠራሁት። ከዚያ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብኩ። አንደኛው ሲቪዬን እያገላበጠ «ከ2015 በኋላ የት ነበርሽ?» አለኝ። አፌ ተሳሰረ። ለመናገር ስሞክር እንባዬ መጣ። «ይቅርታ» ብዬ ወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ይቅርታ፣ ደብዳቤው ረዘመ።

አሁን ወር ሳይሞላ ሌላ ኢንተርቪው አለኝ። ወንድሜ «ጓደኛዬ ፒኤልሲ አለው፤ ሁለቱን ዓመት እዚያ እንደሠራሽ አድርጎ ማህተም ያለው የሥራ ልምድ ይጽፍልሻል፣ ማን ያውቃል?» ይለኛል። እናቴ «እናቴን ሳስታምም ነበር በያቸው» ትላለች። ኤንጂኦ የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ «ምን ያሳፍራል? ድባቴ ነበረብኝ ብለሽ ፊት ለፊት ንገሪያቸው» ትላለች። ከድሮው መሥሪያ ቤት የተሰጠኝ የሥራ ልምድ ላይ «ባደረባት ህመም ምክንያት በራሷ ጥያቄ ለቃለች» የሚል ተጽፏል፤ እሱንም ማሳየት እፈራለሁ። የማንን ልስማ? እባካችሁ።

መልስ

ውድ እህቴ፣

ከጥያቄሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከቤተሰብሽና ከሐኪምሽ ውጪ፣ ታምሜ ነበር ብለሽ በአፍሽ ለማን ተናግረሽ ታውቂያለሽ? ጓደኛሽ እንደምታውቅ ከደብዳቤሽ ይገባኛል። ግን አንቺ ነሽ ቁጭ ብለሽ የነገርሻት ወይስ ከእህት ከወንድም ሰምታ ነው? ይህን የምጠይቅሽ ለነገር ፍለጋ አይደለም። ኢንተርቪው ላይ ያለቀስሽው ደካማ ስለሆንሽ አይመስለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ አፍነሽ የያዝሽውን ነገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለማታውቂያቸው ሦስት ሰዎች፣ ያውም ሥራ እየለመንሽ ልትናገሪ ሞከርሽ። ማንም ሰው ቢሆን ይተናነቀው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ሥራሽ ከኢንተርቪው ጋር አይገናኝም። ከዚያ ቀን በፊት ከቤት ውጪ ላለ አንድ የምታምኚው ሰው ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ንገሪ። ብታለቅሺም ችግር የለም፤ እዚያ አልቅሺው።

አሁን ወደ ጥያቄው። «የት ነበርሽ?» ያለሽ ሰውዬ ምን ፈልጎ ይመስልሻል የጠየቀሽ? አንቺ የተሰማሽ «አብደሽ ነበር እንዴ?» ብሎ እንደጠየቀሽ ነው። እሱ ግን ስለ አእምሮ ህመም ያሰበ አይመስለኝም። አንቺ የሂሳብ ሰው ነሽ። የሂሳብ ሰው ሲቪ ላይ ሁለት ዓመት ክፍተት ያየ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚመጣበት ገንዘብ ነው። ጉድለት አሳይታ ይሆን? ተባርራ ይሆን? ክስ ይኖርባት ይሆን? እሱን ካለፈ ደግሞ አረብ አገር ሄዳ ይሆን፣ ወልዳ ይሆን፣ እጇስ ከሥራው ርቆ ይሆን፣ ቀጥረናት በሦስተኛው ወር ትሄድብን ይሆን ብሎ ያስባል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹን ጥርጣሬዎች ስለ ህመምሽ አንድ ቃል ሳትተነፍሺ በወረቀት ልትዘጊያቸው ትችያለሽ።

ክሊራንስሽ የታለ? በደብዳቤሽ አልጠቀስሽውም። አምስት ዓመት ሂሳብ ይዛ፣ ንብረትና ሰነድ አስረክባ፣ ከማንኛውም ዕዳ ነፃ ሆና ለቃለች የሚለው ወረቀት ላንቺ ከዲግሪሽ እኩል ነው። ካልወሰድሽ ሄደሽ ውሰጂ። ወስደሽ መሳቢያ ውስጥ ከሆነ አውጪውና ከሲቪሽ ጋር አያይዢው። ብዙ ሰው ክሊራንሱን ሲጠየቅ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ አንቺ ግን ሳይጠይቁሽ አሳዪያቸው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ ያለው መስመርም እኔን ብዙ አላስጨነቀኝም፤ እንዲያውም ይጠቅምሻል። «በራሷ ጥያቄ» ይላል። አልተባረርሽም። «ህመም» ይላል እንጂ ምን ዓይነት ህመም እንደሆነ አይልም። ግን እሱን መስመር ባየሽ ቁጥር የሚከብድሽ ከሆነ እንዲቀየር መጠየቅ ትችያለሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለክፍያ ይሰጠው ይላል። ለምን እንደለቀቀ ይጻፍ አይልም። ሰው ሀብት ክፍል ሄደሽ «በአዋጁ መሠረት እነዚህን ሦስቱን ብቻ የያዘ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር» በያቸው። መሄዱ ከከበደሽ ስልክ ደውዪ ወይም ሰው አስከትለሽ ሂጂ። ያ ሕንፃ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅሽ ጽፈሻል፤ ብቻሽን መሄድ የለብሽም።

ወደ ሦስቱ ምክሮች ልምጣ። ሁሉም ከፍቅር የመጡ ናቸው። እኔ ግን ሦስቱንም አልወደድኳቸውም፤ ምክንያቴ ለየብቻ ነው።

የወንድምሽ ሐሳብ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነው። «ማን ያውቃል?» ይላል። ጡረታ ያውቃል! አንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ ካለው ከደመወዙ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ለጡረታ ይገባል። የደመወዝ ግብርም በየወሩ ለግብር ሰብሳቢው ይገለጻል። ፔይሮል ስትሠሪ የኖርሽው አንቺ ነሽ፤ ይህን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ጡረታ ቁጥርሽን አዲሱ መሥሪያ ቤት ሲቀበል ሁለት ዓመት ባዶ መሆኑ አንድ ቀን ይታያል። ባይታይ እንኳን ሰው ሀብቷ ያንን ፒኤልሲ ደውላ «ምን ላይ ነበር የምትሠራው? ማን ነበር አለቃዋ?» ካለች የወንድምሽ ጓደኛ ምን ይመልሳል? ሌላም አለ። አንቺ የምትቀጠሪው በታማኝነትሽ ነው። የአካውንታንት ፎርጅድ ማስረጃ ከተያዘ ሥራው ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ስምሽም አብሮ ይሄዳል። እሺ ይሁን፣ ማንም አላወቀም እንበል። ከጭንቀት የወጣ ሰው «ዛሬ ያውቁብኝ ይሆን?» እያለ በየቀኑ ቢሮ ሲገባ ይታይሽ። ያንን ለማንም አልመኝም፤ ላንቺማ ጭራሽ።

የእናትሽን ምክር ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ፣ እሳቸው እንዴት በገዛ አፋቸው በራሳቸው ላይ ያሟርታሉ የሚል ነበር። ላንቺ ሲሉ ነው፣ እናት አይደሉ። ግን የሥራ ልምድሽ «ባደረባት ህመም» እያለ አንቺ «እናቴን ሳስታምም» ብትይ በራስሽ ወረቀት ተያዝሽ ማለት ነው። ውሸቱ ደግሞ አንዴ ተነግሮ አያበቃም። «አሁን እንዴት ናቸው? ምን ነበር ያመማቸው? የት ነው ያሳከማችኋቸው?» ይሉሻል። እኛ አገር የታመመ ሰው እንዳለሽ ከነገርሽው ሰው ሁሉ ጥያቄና ምርቃት ይከተልሻል፤ ሠራተኛው ጭራሽ ተሰብስቦ ሊጠይቃቸው ቤት ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ እናትሽ ምን ሊሆኑ ነው?

የጓደኛሽ ምክር ነው የከበደኝ። እውነቷን ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ብቻ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ይናገራል። የጠየቁሽ ሦስት ሰዎች ራሳቸው ቤት ውስጥ ቢያንስ አንዱ የሚደብቀው ታማሚ አይጠፋም። ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። ያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሠራተኞች መካከል አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000ም አካል ጉዳት ሲል የአእምሮ ጉዳትን ጨምሮ ነው። ግን ወረቀቱን ትተን እንነጋገር። ድባቴ ነበረብኝ ብለሽ ባትቀጠሪ፣ በዚያ ምክንያት አልቀጠርንሽም ብሎ የሚጽፍልሽ ማን ነው? «እናሳውቅሻለን» ይሉሻል፣ ከዚያ ጭጭ። አዲስ አበባ ደግሞ ሂሳብ ቤቱ ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። «አማኑኤል የገባችዋ ልጅ» የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ፣ አማኑኤልን ደጁንም ሳታይ ስሙ ሊለጠፍብሽ ይችላል። የተናገርሽውን መመለስ አይቻልም፤ ያልተናገርሽውን ግን ስትፈልጊ መናገር ትችያለሽ። ጓደኛሽ የምትሠራበት ዓይነት ቤት፣ ለሠራተኛው አማካሪ የቀጠረና ስለ አእምሮ ጤና ስልጠና የሚሰጥ ከሆነ፣ እዚያ በግልጽ መናገር ሊያዋጣ ይችላል። በጅምላ «ሁሉም ቦታ ተናገሪ» የሚለውን ግን አልመክርሽም። ታክሲ የሚከፍልልሽ፣ ቤት ኪራይ የሚሸፍንልሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው፤ የኅብረተሰቡን አመለካከት የመቀየር ሸክም ያንቺ ኢንተርቪው ላይ መጫን የለበትም።

ታዲያ ምን ልበል ትይኝ ይሆናል። ከውሸትና ሁሉንም ዘርግፎ ከመናገር መሃል ሰፊ ቦታ አለ። ለቀጣሪሽ ስለ ሥራሽ እውነቱን መናገር አለብሽ፤ የህመምሽን ስም የመንገር ዕዳ ግን የለብሽም። ለምሳሌ እንዲህ በያቸው፦ «2015 ላይ ጤናዬ ተጓድሎ ሥራ አቁሜ ነበር። ታክሜ አሁን ደህና ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የአንድ አነስተኛ ንግድ ሂሳብ እየያዝኩ ነው፤ አሁን ወደ ሙሉ ጊዜ ሥራ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።» በቃ። አንዱም ውሸት አይደለም። ከደብዳቤሽ ጋር ይገጥማል። ሲያልቅ ዝም በይ። እኛ ዝምታ ሲመጣ እየጨነቀን ሳንጠየቅ የምንጨምረው ነገር ነው የሚያስይዘን።

«ምን ነበር ህመሙ?» ብሎ የሚቀጥል አይጠፋም። እኛ ጋ ኢንተርቪው ላይ ያላገባሽበትን ምክንያት የሚጠይቅም አለ። ስትመልሺ አትቆጪ፣ አትሸማቀቂም። «የግል የጤና ጉዳይ ስለሆነ ዝርዝሩን ባልፈው ደስ ይለኛል። ሥራዬን የሚያውክ ነገር ግን የለም፤ ከፈለጋችሁ ለሥራ ብቁ ነኝ የሚል የሐኪም ማስረጃ አመጣለሁ» በይ። ሰውዬው ራሱ መገመት ቢጀምር፣ «ኦፕሬሽን ነበር?» «ኩላሊት ነው?» ቢልሽ፣ ለመገላገል ብለሽ አዎ እንዳትይ። ያው የእናትሽ ታሪክ ሆነ ማለት ነው። ያንኑ መልስ በፈገግታ ድገሚለትና ወደ ሥራው መልሺው፤ «እዚህ ቤት ሂሳብ የምትዘጉት በየወሩ ነው ወይስ በሩብ ዓመት?» ብለሽ ጠይቂው። ሦስተኛ ጊዜ ቢመለስበት ግን አንቺም አንድ ነገር ተማርሽ ማለት ነው፤ በየቀኑ የምታገኚው አለቃ እሱ ሊሆን ይችላልና።

ይህን መልስ በልብሽ አታጥኚው። ድምፅ አውጥተሽ፣ ሰው ፊት፣ ድምፅሽ መንቀጥቀጥ እስኪያቆም ድረስ በይው። ያ የምታምኚው ሰው ቀጣሪ ሆኖ ያፋጥጥሽ። ክፉ ክፉ ጥያቄ ይጠይቅሽ። ሳቅ ከመጣባችሁ ደግሞ እሰየው።

ስለ አክስትሽ ባልትና «ሥራ የሚባል አይደለም» ያልሽው ግን አናደደኝ። በርበሬና ሽሮ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ዱቤ ማን ላይ እንዳለ፣ ግብሩ ስንት እንደሆነ የምትመዘግቢው አንቺ አይደለሽም? ደሞዝ ስለማትከፍልሽ ነው ሥራ ያልሆነው? ሲቪሽ ላይ አስገቢው፦ «ከመስከረም 2017 ጀምሮ፣ የቤተሰብ ንግድ ሂሳብ አያያዝ»። ሳታሳንሺ፣ ግን «ፋይናንስ ማናጀር» ብለሽም ሳታጋንኚ። ያን ጊዜ ክፍተቱ ከሁለት ዓመት ወደ አንድ ዓመት ገደማ ይወርዳል፤ ያውም በእውነት። ቀኖቹንም አስተያዪ። የሥራ ልምዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሲቪው በፈረንጅ ሆኖ ሰባትና ስምንት ዓመት እየተምታታ የሌለ ክፍተት የሚፈጠርበት ሲቪ ስንት ነው!

በዚያ ላይ አንቺ ቤት በነበርሽበት ጊዜ ሙያሽ ውስጥ የተቀየረ ነገር አለ፤ ይህን ልትጠየቂ ትችያለሽ። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁ ተለውጧል፤ ስትሠሪበት የነበረው 285/1994 ተሽሮ አሁን ያለው 1341/2016 ነው። የገቢ ግብር አዋጁም 2017 ሐምሌ ላይ ተሻሽሎ፣ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ሁለቱን አዋጆች አግኝተሽ አንብቢ። አንድ ሙሉ ፔይሮል በአዲሱ ስሌት ወረቀት ላይ ሥሪ። የሂሳብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪንም ላፕቶፕ ካለው ሰው ተውሰሽ ቢሆን ትንሽ አሟሺው። «እጇ ከሥራው ርቆ ይሆን» ለሚለው ጥርጣሬ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ላንቺም ልብ ይሰጥሻል፤ ስለ ሥራ ስታወሪ ድምፅሽ እንደሚመለስ እገምታለሁ፣ ፈተናውን በደንብ ነው የሠራሁት ያልሽኝ አንቺ ነሽና።

የድሮ አለቃሽን ሪፈረንስ አድርገሽ ከሆነ ቀድመሽ ደውዪለት። አዲሱ መሥሪያ ቤት ድንገት ደውሎለት «እ... እሷ ልጅ አሟት ነበር እኮ» ከሚል፣ «ሥራ እያመለከትኩ ነው፣ ከደወሉልህ ስለ ሥራዬ ብቻ ብትነግርልኝ፤ ስለ ጤናዬ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ» በይው። አብዛኛው ሰው እንዲህ ሲባል ደስ ብሎት ይተባበራል። የማትተማመኚበት ከሆነ ሌላ የቅርብ አለቃ ወይም አብሮሽ የሠራ ኦዲተር ፈልጊ።

አሁን ደግሞ ማንም ያልጠየቀሽን ልጠይቅሽ። አንቺስ ያንን ቤት ትፈልጊዋለሽ? የታመምሽው እንዲያው ከሰማይ ዱብ ብሎብሽ ብቻ አይመስለኝም። የሦስት ሰው ሥራ ሰኔ ላይ ብቻሽን ተሸከምሽ። አዲሱ ቤት በአዘቦቱ ጊዜ አሥር ሰው፣ ሰኔ ላይ ደግሞ አንድ ሰው የሚሠራበት ከሆነ ከምን ወጥተሽ ወደ ምን ነው የምትገቢው? «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ሁላችንም «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» እንላለን። አንቺ ጠይቂ። ፋይናንስ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ? ሂሳብ ሲዘጋ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ከኔ በፊት የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ? ይህ እንደ ብልህ ሠራተኛ ነው የሚያስቆጥርሽ። መልሱ ቢከፋም ቸግሮሽ ልትገቢ ትችያለሽ፣ ይገባኛል። ግን አውቀሽ ትገቢያለሽ። ከሐኪምሽም ጋር ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ተነጋገሪ፤ መድኃኒቱ ጠዋት የሚያደነዝዝሽ ከሆነ ሰዓቱን መለወጥ ይቻል እንደሆነ፣ በምን ያህል ሥራ ብትጀምሪ እንደሚሻል ጠይቂ። «ሥራ ስለገባሁ ድኛለሁ» ብለሽ መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ አደራ። ለሥራ ብቁ ናት የሚል አጭር ማስረጃም በዚያው ጠይቂ፤ የህመሙን ስም መጥቀስ የለበትም። መቅጠሪያ ፎርም ላይ ስለ ጤናሽ በጽሑፍ ከተጠየቅሽ «የለም» ብለሽ አትፈርሚ፤ «የሐኪም ክትትል አለኝ፣ ለሥራ ብቁ ነኝ» ብለሽ ማስረጃውን አያይዢ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወደፊቱ ያዢልኝ። የዚያን ጊዜ መልቀቂያ ስታስገቢ የነገረሽ አልነበረም መሰለኝ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የህመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ድባቴም ህመም ነው፤ የሐኪም ማስረጃ ይጻፍለታል። እንቅልፍሽ እንደገና መጥፋት ከጀመረ መልቀቂያ ከመጻፍሽ በፊት ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። ቤት ውስጥም አንድ ሰው «ተኝተሻል? በልተሻል?» ብሎ እንዲከታተልሽ ከአሁኑ ተስማሙ።

የቀረው የማክሰኞ ቀጠሮሽ ነው። ኢንተርቪው ላይ አታንሺው። የሙከራ ጊዜው በሕግ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀጠሮ የሚያርፍብሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። ከመጀመርሽ በፊት ሐኪም ቤት ሄደሽ ጠዋት የመጀመሪያዋ ተራ እንድትሆኚ ወይም ወደ ሌላ ቀን እንዲያዛውሩልሽ ጠይቂ። ካልተቻለ ለአዲሷ አለቃሽ «በወር አንድ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፣ ሰዓቱን አካክሳለሁ» ማለት ይበቃል። ለምን ብላ ከጠየቀችሽ መልሱን ያን ጊዜ ለምደሽዋል። ወራት አልፈው ሰውየዋን አይተሽ፣ ምስጢር የምትይዝ ሆና ካገኘሻት ደግሞ የዚያን ጊዜ ሙሉውን ልትነግሪያት ትችያለሽ፤ ላትነግሪያትም ትችያለሽ።